ብስል በጥሬ ወረቀት

ሂዳያ የቻይና ሻይ ስትፈለፍል ላያት ሰው ልትገድል የተነሳች ትመስላለች። ይህ ሻይ እንደለመድነው ሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ የሚንሿሿ አይደለም፤ ቅጠሉ በእንፋሎት ለስልሶ፣ በድንጋይ ተጨፍልቆ፣ ክብ ቂጣ መስሎ የደረቀ ነው። በእጄ ልቁረሰው ያለ ሰው ጥፍሩን ይነቅላል እንጂ ፍርፋሪ አያገኝም። ስለዚህ ወስፌ ይፈልጋል። የሂዳያ ወስፌ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ጫፉ የሾለ ብረት ነው። ቂጣውን በግራ መዳፏ ደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ከጎኑ ሰካ ታደርገውና ትፈነቅለዋለች። ስቷት የገዛ እጇን የወጋችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አበው «ወስፌ ቢለግም ቅቤ አይወጋም» ይላሉ፤ የእሷ ወስፌ ግን ልግመት አያውቅም።

ሱቋ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና መንገድ ላይ፣ በጥፍር ማስዋቢያ ቤትና በስልክ ጥገና መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት ናት። ከአንዲት ቻይናዊት አሮጊት ከነስኒዋ፣ ከነማንቆርቆሪያዋ፣ ከነሙያዋ ነው የተረከበቻት። መርካቶ ተወልዳ፣ ሻይ ማለት ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት ስኳሩ ከንፈር የሚያጣብቅ ነው ብላ ያደገች ሴት ስለ ቻይናው ዩናን ተራራ ዛፎች ስታስረዳ መስማት በራሱ ጉድ ነው። ደንበኞቿ የሆኑት ያገሯ ልጆች የታክሲ ሹፌሮች መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ ምኑ ሻይ ነው፣ የሣር እጣቢ!» እያሉ ስኳር ይጠይቋት ነበር። ስኳር የጠየቀ ተሰድቦ ይወጣል። አሁን ራሳቸው ስለ ጥሬና ስለ ብስል ድምፃቸው እስኪዘጋ ይከራከራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፑኤር የሚባለው ይህ ሻይ ሁለት ዓይነት አለው። ጥሬው ቅጠሉ ተለቅሞ፣ ብረት ምጣድ ላይ አመስ ተደርጎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚጨፈለቀው ነው። ከዚያ በኋላ የሚያበስለው ዕድሜ ብቻ ነው። ገና ወጣት ሳለ ምላስ ይገርፋል፤ ዓመታት ሲያልፉበት ግን ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ወደ ጣፋጭነት ይዞራል። ብስሉ ደግሞ መጠበቅ ያቃታቸው ሰዎች የፈጠሩት ነው። ቅጠሉን ይከምሩና ውሃ አርከፍክፈው፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ጉድጓድ እንደገባ ቆጮ በራሱ ሙቀት ያብላሉታል። በሳምንታት ውስጥ ጠቁሮ፣ አፈር አፈር እየሸተተ፣ ለአፍ ልስልስ ብሎ ይወጣል። ሂዳያ ብስሉን አትንቅም። «ሆዱን ላመመው ብስል፣ ልቡን ላበጠው ጥሬ» ትላለች። የምትጸየፈው ብስሉን አሮጌ ጥሬ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴን ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሌባ ብቻ ሳይሆን ነውረኛ ትለዋለች።

የኮሎራዶ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። የሰው ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ጥሬ ሻይንም ባለበት ያስተኛዋል። ሂዳያ አሮጌዎቹን ቂጣዎች ጓዳ ውስጥ፣ የሞተ ፍሪጅ ውስጥ፣ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አጠገባቸው አስቀምጣ ነው በነፍስ የያዘቻቸው። ቂም ግን እርጥበት አይለምንም። ኦሮራም ይሁን ጎረቤት ከተማዋ ቶርንተን፣ ያለ ጠብታ ውሃ ይበስላል።

የዚህ ቤት ቂም የጀመረው ኤርፖርቱ ዳር፣ ሹፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው። የሂዳያ ታናሽ ወንድም ጠልሀ የመኪናውን በር ሲከፍት የኣርኣያን አዲስ መኪና ጫረ። ጠልሀ ሂዳያ እናታቸው ስትሞት እንደ ልጇ ያሳደገችው፣ ደሙ ቶሎ የሚፈላ ጎረምሳ ነበር። ኣርኣያ ደግሞ አዲስ አበባ የተማረ፣ ጠጉሩ የሸበተ ኤርትራዊ ነው፤ ቶርንተን ይኖራል፣ በጨዋነቱ ይታወቃል። «ይቅርታ» የምትል አንዲት ቃል ነገሩን ትዘጋው ነበር። ጠልሀ ግን «ሽማግሌ፣ ሂድና ቤትህ ተኛ» አለው። ኣርኣያ የጠልሀን እናት ጠርቶ ሰደበ። ጠልሀ ፊቱ ላይ ተፋበት። ያ ጨዋ ሰው የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ የክሪክ ዘንግ መዘዘና መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ይመስል ነበር አሉ የነበሩት። ጠልሀ ጥርሱን ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፍቶ አየውና ወደቀ።

መንጋጋው በሽቦ ተሰፋ። ሂዳያ ብስሉን አቅጥና፣ አብርዳ፣ በስትሮ ታጠጣው ነበር፤ ባዶ ሆድ የሚችለው እሱን ነውና። ሽቦው በወጣ ማግስት፣ እህል በወጉ ሳያኝክ፣ ጠልሀ የቤዝቦል ዱላ ይዞ ኣርኣያን ኮልፋክስ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ አገኘው። መስታወቱን አረገፈው፣ ሰውየውንም ትከሻው ላይ ደግሞ ደጋግሞ መታው። የትከሻው አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከነነዳጅ ቱቦው አስፋልት ላይ ወድቆ፣ ቤንዚንና ደም ተደባልቆ ሲፈስ ነው ሰዎች ጠልሀን የያዙት።

ኣርኣያም በክሪኩ ተቀጣ፣ ጠልሀም በዱላው ታሰረ። የጠልሀ ግን ከእስር አላበቃም። ነገ ዛሬ ሲል የዜግነት ማመልከቻውን ሳያስገባ ቆይቷልና ጠበቃው ሂዳያ ባለችበት ቁርጡን ነገረው፤ ፕሮቤሽን ላይ ነህ፣ በገደብ ነው የተለቀቅከው፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው ብታደማ አገር ቤት በሚሄድ አውሮፕላን ላይ ነው የሚጭኑህ። ከዚያን ቀን ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ሂዳያ ፖሊስ መጣ ብላ ትደነግጣለች። ከእሱ ሌላ ማንም የላት፤ እሱን ካሳጧት ምን ቀራት?

ከእስር ሲወጣ የያዘው ሻይዋን ነው። እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። ብስሉን ተወና ጥሬውን ያዘ። «ይሄ ከእኔ ይብሳል እኮ እትዬ» ይላታል ፊቱን አጨማዶ፣ «ስጠጣው ንዴቴ ያፍራል።» እያደር ዓይኑም ምላሱም ሰላ። ፈሳሹን ብርሃን ላይ ያያል፣ የተጠጣበትን ቅጠል በጣቱ ያሻል፣ ያሸታል። አሮጌ ጥሬ የሚባል ነገር ግን በአፉ አልዞረም። ፍሪጁን ከፍቶ የአሮጊቷን ቂጣዎች አሽትቶ ይመልሳል። ሂዳያ ዜግነትህን ያገኘህ ቀን እፈለፍልልሃለሁ ብላው ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ ከሰዓት ላይ፣ በሩ ተከፈተና ኣርኣያ ገባ።

ሂዳያ በፍርድ ቤት አይታዋለች፤ አልጠፋትም። ቀኝ ትከሻው ዘምሟል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘና ቆመ።

«እህቴ፣ ከሁሉ ያረጀውን ጥሬ ሻይ ፈልጌ ነበር» አለ።

«ለማን?»

«ለትልቅ ስጦታ ነው። ለማን እንደሆነ አሁን አልናገርም፣ ቃል አለብኝ። እኔ ስለሻይ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምረጪልኝ። አደራ።»

አደራ! ይህን ቃል ከየት አመጣው? ሂዳያ ሲናገር ያየችው አፉን ሳይሆን እጁን ነው። ያ እጅ ክሪክ ይዞ ነበር። ወንድሟ በስትሮ ሲጠባ፣ ምራቁ በአገጩ ሲወርድ፣ ሌሊት በሽቦው ውስጥ ሲያቃስት ታያት። ጥሬ ያማረው ይመስላል፣ አለች በልቧ። ብስል ይበቃዋል!

ጓዳ ገባች። ከመደርደሪያው አንድ ተራ የብስል ቂጣ አነሳች። አሮጊቷ ድሮ ጠጥታ የጨረሰቻቸው ጥሬ ቂጣዎች የነበሩባቸውን፣ ዳራቸውን ብል የበላቸውን ቢጫ ወረቀቶች ሂዳያ ለትዝታ ስትል አስቀምጣቸው ነበር። አንዱን አወጣችና ብስሉን አለበሰችው። እጥፋቱን በጥፍሯ አስተካከለች። ሰውየው ሳይከራከር ከፈለ፣ ቂጣውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቀፈው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ሂዳያ ደስ አላት። እውነቱን እንናገር፣ ደስ ነው ያላት፤ ያን ቀን ስትዘጋ እያንጎራጎረች ነው የዘጋችው።

ሳምንት ሳይሞላ ሐጂ ሱሩር መጡ። ሐጂ ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ሁሉም የሚሰማቸው አዛውንት ናቸው። የታረቀም የተፋታም በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው።

«ሂዳያ፣ ምሥራች» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ኣርኣያን ይዤዋለሁ። ጠልሀንም ይዤዋለሁ። እሑድ ከአስር ሶላት በኋላ እዚሁ ቤትሽ አስታርቃቸዋለሁ። ነገሩ ሳይቆረጥ ወሬ እንዳይቀድመን ብዬ ሁሉንም አፋቸውን ዝጉ ብያቸው ነበር፤ አንቺንም ደብቄሻለሁ፣ አውፍ በይኝ።»

ሂዳያ እጃቸውን ይዛ ሳመች፣ እንባዋ መጣ። ወንድሟ ሊተርፍ ነው! ለአፍታ ያ ቂጣ ትዝ አላት፤ ለትልቅ ስጦታ ነው ያለው፣ እስካሁን ለሌላ ሰው ሄዷል ብላ ረሳችው። ሰው የማይመቸውን ነገር ሲረሳ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው!

እሑድ ደረሰ። ሱቁን ለደንበኛ ዘጋች። ጠልሀ ፂሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ የዘመመው መንጋጋው ያለ ፂም ይበልጥ ይታያል። ኣርኣያ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሐጂ መሃል ሆኑ። ሂዳያ ለሆድ እንዲለሰልስ ብላ ብስል ቀዳችላቸው። ሐጂ ስኒያቸውን አንስተው በአየር ላይ ያዙት።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ቃላችሁን ሳትሰጡኝ ይቺን አልቀምሳትም። ውሃ ጥም ቢገድለኝ በእናንተ ይሁን።»

ውጭ ሃቫና ላይ መኪናው ይጮሃል። በመጨረሻ ኣርኣያ ተነሳ።

«ጠልሀ፣ እናትህን የሰደብኩበት ምላሴ ይቆረጥ። በዕድሜ አባትህ እሆናለሁ፣ ግን እንደ ውርጋጥ ነው የሆንኩት። ይቅር በለኝ።»

ጠልሀ አቀርቅሮ ነበር።

«እኔም ሽበትህን ሳላከብር ፊትህ ላይ ተፍቻለሁ። አጥንትህንም ሰብሬያለሁ» አለ። «ለአላህ ብዬ ትቼልሃለሁ። አንተም ተውልኝ።»

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ስኒውን ወደ ከንፈራቸው ሊያደርሱ ሲሉ ኣርኣያ «ትንሽ ይታገሱኝ አባቴ» አላቸው። ኮቱን ከፈተ። ከውስጥ፣ ከደረቱ ሥር፣ በሁለት እጁ ይዞ ያን ቢጫ ወረቀት የለበሰ ቂጣ አወጣ።

ሂዳያ ወረቀቱን አወቀችው።

«ሐወይ» አለ ኣርኣያ፣ «ወንድሜ፣ ጥርስ በሻይ አይተካም፣ አውቃለሁ። በግ ላመጣልህ ነበር፤ በግ ግን ተበልቶ ያልቃል። ጥሬ ሻይ እንደምትወድ፣ አሮጌው እንደሚያምርህ ሐጂ ነገሩኝ። የዚህን ያህል ዓመት ሰው ሲጠብቀው የኖረ ነገር ነው። እኔና አንተም ተጣልተን ከከረምንበት ይልቅ ተስማምተን የምንኖርበት ይርዘም ብዬ ነው።»

ጠልሀ ዓይኑ ቀላ። ቂጣውን ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አስነካው። ሐጂም መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሻሹ።

«ወዲህ በለው፣ እኔ ላፍላው» አለች ሂዳያ። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ሆነባት። ጓዳ ይዤው ብገባ፣ አለች በልቧ፣ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን እውነተኛውን ለውጬ...

«ተይ እትዬ። ይሄንንማ በገዛ እጄ ነው» አላት ጠልሀ እየሳቀ።

ወረቀቱን በቀስታ ፈታው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሞተ። ቂጣው ጥቁር ቡናማ ነው፤ የአሮጌ ጥሬ ወዝ የለውም። አሸተተው። ወስፌውን ከሻይ ማቅረቢያው ሰሌዳ አንስቶ ከጎኑ ሰካ አደረገና ፈነቀለ። ፍርፋሪውን ማፍያ ውስጥ ከትቶ የፈላ ውሃ አፈሰሰበት፣ የመጀመሪያውን ደፋ፣ ሁለተኛውን ቀዳ። ስኒው ውስጥ የወረደው እንደ ቡና የጠቆረ፣ ታቹ የማይታይ ፈሳሽ ነው። ሦስቱም ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለዋል። አሁን ተናገሪ፣ ይላታል ልቧ፤ አሁን! ሐጂ ፊት? ወንድሜ ፊት? ነውረኛ እያልኩ ስሰድብ የኖርኩት ሰው እኔው ነኝ ልበል?

ጠልሀ ከማፍያው ውስጥ ቅጠል አወጣና በአውራ ጣቱ አሸ። አሮጌ ጥሬ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ውሃ ሲነካው እንደ ቆዳ ይሳባል። ይሄኛው ግን እንደ ጭቃ ጣቱ ላይ ተለጠፈ።

«ይሄ ብስል ነው» አለ። «ተራ ብስል። አሮጌ ወረቀት ያለበሱት። ከየት ነው የገዛኸው?»

ኣርኣያ ግራ ተጋባ። ሂዳያን አያት፣ ትመልስልኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ዓይኗን ሰበረች። ያኔ ገባው፤ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሸሸ።

«ከዚህ ቤት» አለ። «ከእህትህ እጅ ነው የገዛሁት።»

«ምን?»

«አደራ ብያት፣ መርጣ የሰጠችኝ እሷ ናት።»

ጠልሀ ወደ ሂዳያ ዞረ። «እትዬ?»

አንዲት ትንፋሽ ነበረች። ያቺን ትንፋሽ ሂዳያ ዕድሜዋን ሁሉ ስታስባት ትኖራለች። «አዎ» ማለት አንድ ቃል ነው። ዝም አለች። ወንድሟም ዝምታዋን እንደሚያውቃት ተረጎመው፤ እህቱ በቤቷ፣ በሰው ፊት ሌባ ተብላ ተዋርዳ ነው ዝም ያለችው።

«እርቅ ብለህ መጥተህ ልትሳለቅብኝ?» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ አልበቃህ ብሎ እህቴን ሌባ?»

«ጠልሀ!» አሉ ሐጂ። አልሰማቸውም። ሰሌዳውን ከነማንቆርቆሪያው ገለበጠው። የፈላው ውሃ ኣርኣያ ጭን ላይ ተደፋ። ሰውየው ጮኾ ዘለለና እንዲያው በደመ ነፍስ ቡጢውን ሰነዘረ፤ ቡጢው ያችኑ የተሰበረችውን መንጋጋ አገኘ። ጠልሀ መደርደሪያው ላይ ተላትሞ ስኒዎቹ እላዩ ላይ ረገፉ። ሲነሳ አፉ በደም ተሞልቷል። በሁለት እጁ የኣርኣያን ኮት ጨምድዶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፣ በጉልበቱ ደረቱን ተጫነው። ኣርኣያ አንገቱን ያዘ። ሐጂ መሃል ሊገቡ ብለው በክርን ተመትተው ወንበር ላይ ወደቁ፣ መነጽራቸው ተሰበረ። ሂዳያ የወንድሟን ሸሚዝ ከኋላ ትጎትታለች፤ ሸሚዙ ተቀደደ እንጂ ጠልሀ አልተነቃነቀም። እጁ ጠረጴዛው ላይ ዳበሰና ወስፌውን አገኘ።

«ጠልሀ፣ ተው! ተው!»

ወስፌው ወረደ። ኣርኣያ ፊቱን ለመከላከል የዘረጋውን መዳፍ በስቶ አልፎ ከጠረጴዛው እንጨት ጋር ሰፋው። የሰውየው ጩኸት ሰው የሚያወጣው ድምፅ አይመስልም። ጠልሀ ወስፌውን ለመንቀልና ለመድገም እጀታውን ያዘ፤ ዓይኑ የኣርኣያ አንገት ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አለች ሂዳያ። «ወረቀቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ! ሰውየው አያውቅም! እኔ ነኝ ጠልሀ፣ እኔ ነኝ!»

እጁ ቆመ። ወስፌውን ለቀቀ። ቀስ ብሎ ዞሮ አያት።

«ለምን?»

«መንጋጋህን ሰብሮ...» አልጨረሰችውም። «እንዲህ የሚሆን መቼ መሰለኝ። ለአንተ መሆኑን መቼ አወቅኩ።»

ጠልሀ ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

«እኔ እኮ ይቅር ብዬው ነበር» አላት።

ይህ ከስድብ ሁሉ ከበዳት። ምድር ብትውጣት በወደደች። ግን ምድር ስራ አላት፣ ሰው አትውጥም። ኣርኣያ በግራ እጁ ወስፌውን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ነቀለው፤ ወስፌው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሂዳያ ሻርፗን አውልቃ መዳፉን ልታስር ስትንበረከክ እጁን አልነሳትም፣ ግን አላያትም። «አደራ ነበር ያልኩሽ» አላት ብቻ። ደሙ ሻርፑን አልፎ ጣቶቿ መሃል ፈሰሰ።

የጥፍር ቤቱ ባለቤት ጩኸቱን ሰምታ ፖሊስ ጠርታ ኖሮ የሳይረን ድምፅ ከሩቅ መጣ። ጠልሀም ሰማ። ግድግዳው ሥር ተንሸራቶ ተቀመጠ፣ ደም የነካውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው። ጠበቃው ያለውን ማስታወስ አላስፈለገም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሐጂ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላሉ። ሂዳያ ወንድሟን አየችው። ይህን ልጅ ከእናቷ ሬሳ ጎን አንስታ ነው እዚህ ያደረሰችው፣ ዛሬ ደግሞ በገዛ እጇ ልትመልሰው ነው።

ጎንበስ ብላ ወስፌውን ከወለሉ አነሳች። እጀታውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ደም በነካው መዳፏ ጨበጠችው።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጠልሀ።

«ዝም በል። ወላሂ አፍህን ብትከፍት እህት የለህም።»

ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ገቡ። የተሰበረውን ስኒ፣ ጠረጴዛው ላይ የረጋውን ደም፣ አራቱንም ሰዎች አዩ። አንደኛው «ማነው የወጋው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አለች ሂዳያ፣ ጥያቄውን ሳያስጨርስ። ወስፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ወደ ላይ አነሳች። «እኔ ነኝ የወጋሁት። ወንድሜ ሊያስጥለው ሲል እኔው ነኝ አፉን ያደማሁት።»

ጠልሀ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ፤ ሐጂ ትከሻውን ጨምድደው መልሰው አስቀመጡት። ፖሊሱ ወደ ሐጂ ዞሮ ምን እንዳዩ ቢጠይቃቸው፣ በዚሁ ከተማ በእንግሊዝኛ ሲገበያዩና ሲከራከሩ የኖሩት ሰውዬ አንዲት ቃል እንዳልገባቸው ሆነው አፍጥጠው ዝም አሉ። ፖሊሱ ተወና ኣርኣያ ፊት በርከክ አለ።

«አንተ ንገረኝ። ማነው?»

ኣርኣያ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። ጠልሀን አየው፤ የዘመመ መንጋጋውን፣ የተቀደደ ነጭ ሸሚዙን። ከዚያ ሂዳያን አያት፤ ከገባ ጀምሮ እንዲህ አተኩሮ አላያትም ነበር። ሁሉም ነገር በዚህ ሰው አንድ ቃል ላይ ቀረ፤ ክሪክ በያዘው፣ እሷ ባታለለችው፣ ወንድሟ በበሳው ሰው ቃል።

«እሷ ናት» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ። የወጋችኝ እሷ ናት።»

ፖሊሱ የሂዳያን እጅ ወደ ኋላ አዙሮ ብረቱን አጠለቀባት። ጠልሀ በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አነባ። ሂዳያ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች፣ ኣርኣያን አመሰግንሃለሁ ልትለው፤ ለወንድሜ ብለህ ዋሸህልኝ ልትለው። ፊቱን ስታይ ግን ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሰውየው ውለታ የዋለ ሰው ፊት አልነበረውም። ያመነበትን ነበር የተናገረው፤ ለእሱ የወጋው ወስፌው ሳይሆን የበላችው አደራ ነው። እሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች።